መስኮቱ ይውጣ፤ ጎረቤት ግን አስቀድሞ ይጠየቅ



ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ጓደኛችን እናት አዲስ አበባ የሚኖሩበት የጭቃ ቤት ከጎረቤት ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ ነበር። አምና የጎረቤቱ ቤት ፈረሰና የእናትየዋ ቤት የጎን ግድግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ አየ። እናትየዋ «በዚህ በኩል መስኮት ይውጣልኝ» አሉ። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ «ነገ ባዶው ቦታ ላይ ሰው ቢሠራበትስ? ገንዘባችንን አናባክን» አለ። የእኛም ክፍል ለሁለት ተከፈለ። እኔ ከእናትየዋ ጋር ነኝ። ምክንያቴንም እነሆ።

አንደኛ፣ ብርሃን። ያ ቤት ያለው በፊት ለፊት አንድ በርና አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ነው። ትንሹ ልጅ የቤት ሥራውን በጠራራ ፀሐይ አምፑል አብርቶ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ደብተሩን ይዞ ደፍ ላይ ይቀመጣል። እኛ እጩ መምህራን፣ በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ተማሪ ብርሃን ከግራ በኩል ቢመጣ ይመረጣል እያልን እንማራለን። ለመሆኑ ከግራም ከቀኝም ለማይመጣለት ልጅ ምን ልንለው ነው? የቤት ሥራውን ሳይጨርስ ሲመጣ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት የሚጽፍበትን ቤት ማሰብ ይገባናል።

ሁለተኛ፣ አየር። በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ክፍት ያለው ቤት አየሩ ቶሎ አይለወጥም፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። የሳንባ ነቀርሳም በአየር የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት፣ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ውስጥ፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት አሮጌ ክፍሎች መስኮትና በራቸው ሲከፈት በሞተር አየር ከሚቀየርላቸው ክፍሎች የበለጠ አየር ይለዋወጡ እንደነበር አሳይቷል። እኛ ግን አውቶቡስ ላይ አንዱ መስኮት ከከፈተ «ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ!» ብለን እንጮኻለን። ይህ አመል ቤታችንም ድረስ ተከትሎን ገብቷል።

ይሁን እንጂ የወንድምየውን ሐሳብ እንዲሁ ማጣጣል አይገባም። ባዶው ቦታ የእነሱ አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ ቦታውን የሚይዝ ሰው ነገ ፈቃድ አውጥቶ ሊሠራበት ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዱ ንብረት ለሌላው ንብረት ጥቅም ሸክም የሚሸከምበትን «የንብረት አገልግሎት» ያውቃል። ሳይነጋገሩ በወሰን ላይ የከፈቱት መስኮት ግን አንድ ቀን በብሎኬት ቢጋረድ አቤት ማለት ያስቸግራል።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። በመጀመሪያ ባዶውን ቦታ የያዘው ሰው ይጠየቅ፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ! የግንባታ ፈቃድም ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆኑማ ግድግዳው የራስ አይደለምና ሳያስፈቅዱ አንዲት ማገር መንካት አይገባም።

ቀጥሎ፣ መስኮቱ ከፍ ብሎ ይውጣ። የታችኛው ጠርዙ ከወለሉ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ ወደ ሰው ግቢ አያሳይም፤ ብርሃኑም ወደ ውስጥ ርቆ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የጭቃ ቤት ግድግዳ ጣሪያ ተሸካሚ ነው። ባሕር ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ጣሪያው በድጋፍ እንጨት ይያዝ። ከመስኮቱ በላይ ጠንካራ አግዳሚ ይግባ፤ ግራና ቀኙም ባልተቆረጡ ቋሚዎች ላይ ይረፍ። «አንድ ሁለት እንጨት ቢቆረጥ ምን ይሆናል» የሚል ሠራተኛ ቢመጣ ይሸኝ።

በመጨረሻም ክረምቱ አይረሳ። ያ ግድግዳ እስከ ዛሬ በጎረቤት ቤት ተከልሎ የኖረ ነው፤ ዝናብ አያውቅም። ክፈፉ ካልረዘመና ግድግዳው ካልተመረገ በመስኮት የመጣው ደስታ ከጭቃው ጋር ታጥቦ ይሄዳል። ግድግዳው ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ በሰኔ፣ ወደ ደቡብ ከሆነ በታኅሣሥ ፀሐይ እንደሚያገኝም ማወቅ ይጠቅማል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተደርጎ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢጋረድስ? ይጋረድ! ልጁ አምስት የትምህርት ዓመት በብርሃን አንብቦበታል። ያን ጊዜ ከጣሪያው አንዱን ቆርቆሮ ብርሃን በሚያሳልፍ መተካት ይቻላል። ነገ ሊዘጋ ይችላል ተብሎ ዛሬ በጨለማ መቀመጥ ግን ለእኔ ቁጠባ አይደለም። የልጅነት ዕድሜ ባዶው ቦታ እስኪሠራበት ቆሞ አይጠብቅም።

ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ጓደኛ፣ መምህርም ቢሆን፣ ጽፎ ይለጥፍ። ከዚህ ጽሑፍ ጎን ቦታ አለ።

ከአንድ እጩ መምህር