የሳምንቱ ክፍል በቴሌቪዥን መስኮት

በዚህ ወር ላነሣው ያሰብሁት በየምሽቱ ሳይጠሩ ወደ ቤታችን ስለሚገቡት እንግዶች፣ ይኸውም ስለ ተከታታይ ድራማዎች ነው። ጸሐፊው የቴያትር ሊቅ አይደለም፤ በለገሃር ሰፈር የሚኖር፣ ከራት በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የሚመለከት ሰው ነው። ስለዚህ ቃሌን እንደ ጎረቤት ጨዋታ ስሙልኝ እንጂ እንደ ዳኛ ፍርድ አትቁጠሩብኝ።

ባለፈው ሳምንት አራት ድራማዎችን ተመለከትሁ። ሁለቱ የአገራችን ናቸው፤ ሁለቱ ከቱርክ አገር መጥተው አማርኛ እንዲናገሩ የተደረጉ ናቸው። በሦስቱ ላይ ሰው ከበር ጀርባ ቆሞ የማይገባውን ምሥጢር ሰማ። በሁለቱ ላይ አባትና ልጅ ሳይተዋወቁ ተጣሉ። በአራቱም ላይ ክፍሉ ያለቀው አንድ ሰው በሩን በርግዶ ሲገባና የቤቱ ሰዎች ክው ብለው ሲያዩት ነው፤ ወዲያው ምስሉ ቀጥ አለ፣ ሙዚቃው ጮኸ፣ የባለሙያዎቹ ስም መውረድ ጀመረ። ባለቤቴም «ይህ ምስኪን እስከ ሳምንት እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ሊከርም ነውን?» ብላ አሳቀችን።

የአገራችንን ድራማዎች በአንድ ነገር እወቅሳቸዋለሁ። ገበታ ይቀርባል፤ ነገር ግን ገበታውን የሚባርክ፣ ለገባውም ሰው «እንብላ» የሚል የለም። ረቡዕና ዓርብ ከሳምንቱ ቀኖች የተሰረዙ ይመስላሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚታየው ለሰርግና ለቀብር ብቻ ነው። ይህን ስል ስብከት ይግባበት ማለቴ አይደለም፤ ስብከት የበዛበት ድራማ ከሁሉ ይልቅ ያስተኛል። ዳሩ ግን ሁዳዴ ሲገባ የወጥ ቤቱ ሽታ፣ የገበያው ወሬ፣ የአማትና የምራት ጠብ ሳይቀር እንዴት እንደሚለወጥ ደራሲዎቻችን ከእናቶቻቸው ቤት ያውቁታል። አንድ ቤት ውስጥ ባል እየጾመ ሚስት ባትጾም፣ ወይም ልጅ መጾሙን ትቶ ለእናቱ መንገር ቢፈራ፣ ከበር ጀርባ ከመስማት የሚበልጥ ታሪክ ይወጣዋል።

ወደ ቱርኮቹ ልመለስ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በጀመረ ጊዜ «ጥቁር ፍቅር» እና «የተቀማ ሕይወት» በየቤቱ እንደ ዘመድ ስም ይጠሩ ነበር፤ የአገራችን የተውኔትና የፊልም ባለሙያዎችም ሥራችን ይጠፋል ብለው ተቃውሞ አሰምተዋል። እኔ በዚያ ጉዳይ የምጨምረው ትንሽ ነው። ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሡን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ፣ ቁጣውም ልቅሶውም ከቃሉ ጋር አብሮ ይወድቅለታል፤ ይህን ከእንግሊዝኛ በተመለሰ ፊልም አናገኘውም። ነገር ግን አማርኛው በባዕድ ከንፈር ልክ ሲሰፋ ይጠባል። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ እያለ ይሄዳል፤ ከንፈሩ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ሁሉም «ሰላም» ብሎ ይገባል፣ «ሰላም» ብሎ ይወጣል። የቤታችን ታናሽ ልጅ በቀደም አያቱን «ሰላም» ብሎ ቢያልፍ፣ አሮጊቷ ደንግጠው «ደግሞ ማን ተጣላ?» አሉ።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የድራማው አቀራረብ መለወጡ ነው። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ ቀለም ሳይለብስ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ፤ ለብዙ ዘመንም ጣቢያው አንድ ብቻ ነበር። አንድ መሆኑ ብዙ ጉዳት ነበረው፤ ሆኖም ሁላችንም ያየነው ነገር አንድ ነበር። «ገመና»፣ ቀጥሎም በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረው «ሰው ለሰው» ሲቀርቡ፣ በሳምንት አንዷ ምሽት የደራሲው ነበረች፤ የቀሩት ስድስት ቀኖች የእኛ ነበሩ። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲጫወት ያልረገመው ሰው አልነበረም፤ በማግሥቱ ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ስለዚሁ አስናቀ ይከራከሩ ነበር። በቤታችንም እንዲሁ ነበር። ትልቋ ልጄ ክፉው ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር እንዲቀጣ ትፈልግ ነበር፤ ወንድ ልጄ ደግሞ ወንጀለኛውን እንኳ «ቢነግሩት ይመለስ ነበር» ይል ነበር። ስለ ራሳቸው ብጠይቃቸው የማይነግሩኝን ጠባይ በሰው ታሪክ አሳበው ነገሩኝ። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበው «እረኛዬ»ም ያንን ጨዋታ ለጥቂት ጊዜ መልሶልን ነበር። ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቴዎድሮስ ተክለአረጋይ የጻፉት የገጠር አማርኛ እንዲህ ያማረ ነበርና፣ አያትየው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው «ይኸ ነው የሰው አነጋገር» ይሉ ነበር።

የሰፈራችን ስም ለገሃር የባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መምጣቱን ታውቃላችሁ። ባቡሩ ሰዓት ነበረው፤ የዘገየ ይቀራል፣ የደረሰ ከማያውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስንቁን ፈትቶ እየተጫወተ ይጓዛል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የጂቡቲው መንገደኛ የሚሳፈረው ከፉሪ ለቡ ነው፤ ድራማውም ከየሰዉ መዳፍ ላይ የሚነሣ ሆኗል። ክፍሉ በዩቲዩብ ስለሚገኝ አንዷ በስልኳ 40ኛው ላይ ደርሳለች፣ አንዱ 31ኛው ላይ ነው፣ እኔ 28ኛው ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። አንዱ አፉን ሲከፍት ሌላው «አትንገረኝ!» ብሎ ጆሮውን ይደፍናል። አንድ ድራማ በአንድ ጣሪያ ሥር እየታየ የምንጫወተው ጠፋ።

ጎረቤትም አልተረፈም። በቡና ሰዓት ያለፈውን ክፍል ከነድምፁ የሚተርኩልን አንዲት እናት ከካዛንቺስ ይመጡ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ከእርሳቸው የሰማሁት ክፍል በዐይኔ ካየሁት ይጥም ነበር፤ ደራሲው የረሳውን ሁሉ ይጨምሩበት ነበርና። አሁን በስልክ ይደውላሉ፤ ድራማ በስልክ አይተረክም፤ ካርዱ ያልቃል።

ስለዚህ ባለፈው ወር በቤታችን አንድ ደንብ አወጣን። ከድራማዎቹ አንዱን ብቻ መረጥን፤ እርሱንም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ከተበላ በኋላ ሁላችንም በአንድነት እናየዋለን፤ ከዚያ በፊት ማንም በስልኩ አይከፍተውም። ደንቡን ሦስት እሑድ ጠብቀነዋል። አያትየው በየመካከሉ «ይህ የማን ልጅ ነው?» እያሉ ስለሚያስቆሙን አርባ ደቂቃው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ እኔ አልተከፋሁም። ትልቋ ልጄ ግን «ስልኬን አልነካሁም» ብትልም በሚቀጥለው እሑድ ስለሚደረገው የድራማው ሰርግ ስንገምት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ ሰርጉ እንደሚፈርስ ከዚያ ዐወቅሁ።