ዕድራችን ለታመመ ልጅም ይድረስ



ዕድር ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ድንኳንና ንፍሮ ነው። ሰው ሲሞትብን ጎረቤት ሁሉ ሳይጠራ ይመጣል፤ ገንዘቡም በዚያው ቀን ከካዝና ይወጣል። ይህ ደግ ነገር ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን ልጅ ሲታመም ወላጅ ብቻውን ከቤት ቤት እየዞረ ብር ሲበደር እያየን ዝም ማለት አግባብ አይመስለንም።

የሕፃን በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም። የሳንባ ምችና ተቅማጥ ዛሬ ቀላል መስለው ነገ ይከፋሉ። ወላጅ «ገንዘብ እስካገኝ ልታገሥ» ሲል ነው ነገሩ የሚበላሸው። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። ቢሆንም 67 ልጅ ጥቂት ነው የምትል እናት አትገኝም።

ክትባትና ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ለአብዛኛው ሌላ ሕመም ግን ካርዱም፣ ምርመራውም፣ መድኃኒቱም ገንዘብ ይጠይቃል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ደመወዝተኛ ያልሆነ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹም በዚያው ይታከማሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባል የለ?

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? በጣም ለደኸየው መንግሥት ይከፍልለታል። ያለው ራሱ ይከፍላል። መሐል ላይ ያሉት፣ የቀን ሠራተኛውና ጉልት ቸርቻሪዋ ግን ከደሃ መዝገብ አይገቡ፣ የዓመቱን መዋጮ ባንድ ጊዜ ከየት ያምጡት?

ስለሆነም ሐሳባችን ይህ ነው። ዕድሩ ለእነዚህ አባላት የመድኑን መዋጮ ቀድሞ ይክፈልላቸው፤ እነሱም ከወር መዋጯቸው ጋር እያደረጉ በ12 ወር ይመልሱ። ገንዘቡ ከቅጣትና ከዕቃ ኪራይ ከሚገባው ይሁን። ለቀብር የተቀመጠው አይነካም።

«የዕድር ገንዘብ ለሞት ነው» የሚሉ አባቶች አሉን፤ እናከብራቸዋለን። ግን ለልጅ ድንኳን ከመትከል ለመድኃኒቱ ብንደርስ ምን ይከፋል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። «ከፍለንም መድኃኒት የለም እንባላለን» የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው፣ ይደርሳል። እሱን ግን አንድ ሰው ብቻውን ቢጮህ ሰሚ የለውም፤ ማኅበር ሆነን ስንጠይቅ ነው መልስ የሚገኘው።

አዲስ የወለዳችሁ፣ የዘመድ ልጅም የምታሳድጉ፣ የልጁ ስም በመድኑ መዝገብ ላይ መኖሩን ሳይታመም በፊት ጠይቁ።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። የምትደግፉም የምትቃወሙም ኑና የመሰላችሁን ተናገሩ። በየቤቱ ከማጉረምረም በስብሰባ መከራከር ይሻላል።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት