ከፎቶው ጀርባ ስም ይጻፍ

ዛሬ ስለ ቤተሰብ ማስታወሻ ደብተር ያለኝን አስተያየት ላካፍላችሁ ነው። ደብተር ስል ውድ አልበም አይደለም። ፎቶ የሚለጠፍበት፣ ከሥሩ ደግሞ ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሳ የሚጻፍበት ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሳወራ የክፍሌ ልጆች «ፎቶው ስልክ ላይ አለ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። አዎ አለ። ግን ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ባለፈው ዓመት የእናቴ ስልክ አልበራ ብሎ ለጥገና ተሰጠ። ጠጋኙ ሳይጠይቃት ውስጡ ያለውን በሙሉ አጥፍቶ መለሰላት። የታናሽ ወንድሜ የክርስትና ፎቶ፣ የአጎቴ ምርቃት፣ ሁሉም ሄደ። የተረፈው አክስቴ አሳጥባ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው አንዱ ብቻ ነው።

ፎቶው ቢኖርም ግን ስም ከሌለው ምን ዋጋ አለው? እኛ ቤት በብስኩት ጣሳ ውስጥ የተቀመጡ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉ። አንዱ ላይ አያቴ (ነፍሱን ይማረውና) ከአራት ሰዎች ጋር ቆሟል። ከጀርባው «ለማስታወሻ» ይላል፣ በቃ። እማማ ከአራቱ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነው። ሦስቱን የሚነግረን ሰው አሁን የለም።

ሌላው ፎቶ እማማ ልጅ ሆና ደሴ ፎቶ ቤት የተነሳችው ነው። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ጓደኛዋ ከወንበሩ ኋላ ቆማለች። እኔ ለጌጥ የቆመች መስሎኝ ነበር። ስጠይቃት ሳቀችና «ጫማው የእሷ ነው፤ አውልቃ ሰጠችኝ። ባዶ እግሯ እንዳይታይ ነው ከኋላ የቆመችው» አለችኝ። ይሄን ፎቶውን መቶ ጊዜ ብታዩት አታገኙትም! ዓመቱን ስጠይቃት ደግሞ «ደርግ በገባ በዓመቱ፣ ጥምቀት ሰሞን» አለች። ደርግ ንጉሡን ያወረደው መስከረም 2 ቀን 1967 ስለሆነ ፎቶው የጥር 1968 ነው ማለት ነው። አዋቂዎች ቀን ባይነግሯችሁም እንዲህ አስባችሁ ማግኘት ትችላላችሁ።

አዲስ አበባ ያለው ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም ጀምሮ የአገራችንን መጻሕፍትና ሰነዶች ያስቀምጣል። የእማማ ጓደኛ ጫማ ግን እዚያ አይገኝም። እሱን መጻፍ ያለብን እኛው ነን። ድሮ ሰዎች ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፣ ያውም በቃላቸው። እኔ ስሞክር አራተኛው ላይ ቆምኩ። አባቴ አምስተኛው ላይ ቆመና «እማማን ጠይቃት» አለኝ። የሁላችንም ቤት «እማማን ጠይቃት» ነው የሚባለው፣ እማማ ግን ዘንድሮ ዓይኗ እየደከመ ነው።

ፎቶ የሌለው ልጅስ? አንዲት ጓደኛዬ ቤተሰቦቿ ከቀዬአቸው ሲፈናቀሉ ምንም ይዘው አልወጡም። እሷ ቤታቸውን በእርሳስ ሳለችው። እናቷ «በሩ በዚህ በኩል ነው፣ ዛፉ ደግሞ ከጓሮ» እያለች አሳረመቻት። እኔ ካየኋቸው ደብተሮች ሁሉ የእሷን ነው የወደድኩት።

ስትሠሩ ፎቶውን ኮላ አትቀቡት፣ በኋላ ሲነሳ ይቀደዳል። ወረቀቱን በአራቱ ማዕዘን ሰንጥቃችሁ የፎቶውን ጫፎች አስገቡ። ጀርባው ላይም በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉ፣ እስክሪብቶ ተጭኖ በፊት በኩል ይወጣል። ደግሞ ሁሉ ነገር ይጻፍ አላልኩም። አባቴ «ይሄን ተወው» ያለኝ አንድ ታሪክ አለ፣ ተውኩት።

መምህራንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ» ብለን እንጽፋለን። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ጽፌዋለሁ፣ ሁልጊዜ ያው ነው። በእሱ ፈንታ አንድ የቤተሰብ ፎቶ ወይም ሥዕል ከነታሪኩ አምጡ ብትሉንስ? ወላጆች ይታይ ያሉት ደግሞ በወላጆች ቀን ጠረጴዛ ላይ ይደርደር። ጥያቄውን በክበባችን በኩል ለአማርኛ መምህራን በጽሑፍ አቅርበናል፤ መልሳቸውን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለን።