ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ተሳቢ መንኰራኵር ኩሽኔታ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ ከቤት ውጭ ስላለ፣ ነገር ግን የቤተ ሰብን ሕይወት ስለሚነካ አንድ ትንሽ ነገር ለመጻፍ ወደድን፤ ይኸውም በተሳቢ መንኰራኵር ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረው፣ ኩሽኔታ የሚባለው ብረት ነው። ነገሩን የተማርነው ከገዛ ጥፋታችን ስለ ሆነ፣ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

የእኅታችን ልጅ በአዲ አርቃይ ስትዳር፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ከጎንደር ይዞ የመድረስ አደራ በእኛ ላይ ወደቀ። ዕቃው ከመኪናችን ዐቅም በላይ በመሆኑ፣ በጎርጎራ ከሚኖር ዘመዳችን አንድ ተሳቢ ተዋስን። ዘመዳችን ተሳቢውን ያሠራው ትንሽ ጀልባውን ወደ ጣና ለማውረድና ከውሃ ለማውጣት ነበረ።

ከመነሣታችን በፊት ሾፌሩ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ተሳቢ ከውሃ የከረመ ነው፤ ሞዞው ተፈትቶ ኩሽኔታው ቢታይ፣ ግራሶውም ቢለወጥ መልካም ነበረ» አለን። እኛ ግን ጐማውን በእግራችን መታ መታ አድርገን፣ «ደኅና ነው፤ ስንመለስ ይታያል» ብለን መለስንለት። ባለቤታችን ይህን ሰምታ ዝም አለች።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያለ ችግር ተጓዝን። ከደባርቅ በኋላ የሊማሊሞ ቍልቍለት ይጀምራል። ይህ መንገድ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ገደሉ እየተፈለፈለ የወጣ ሲሆን፣ በአጠገቡ ያለው ወልቅፊትም የጠላት ጦር እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ መሽጎ የቈየበት ስፍራ ነው። መንገደኛ ከደጋው ብርድ ተነሥቶ፣ ከ1 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ወርዶ፣ ከዛሪማ ቆላ ይደርሳል። ታናሹ ልጃችን በተሳቢው ላይ ከተጫነው ድንኳን ላይ ተቀምጦ ገደሉን ለማየት አጥብቆ ለመነን። እኛ እሺ ልንለው ስንል እናቱ ከለከለችው።

ከጠመዝማዛው እኩሌታ ስንደርስ፣ ከኋላችን የወፍጮ ድንጋይ የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎም የሚቃጠል ግራሶ ሽታ መጣ። በዚያ ጠባብ ስፍራ መቆም አደገኛ ስለ ነበረ፣ ቀስ እያልን፣ ሰፋ ባለ ቦታም እየቆምን እያቀዘቀዝን፣ በጭንቅ ከዛሪማ ደረስን። ሾፌሩ መንኰራኵሩን በክሪክ አንሥቶ ቢነቀንቀው፣ እንደ ወላለቀ ጥርስ ተንቀሳቀሰ። ከቀዘቀዘ በኋላ ሲፈታው፣ ግራሶው ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ወተት ነጥቷል፤ ኩሽኔታውም ዝጎ ተበሳስቷል።

በዚያ የተሰበሰቡት ሰዎች፣ «አዲ አርቃይ ቅርብ ነው፤ ግራሶ ሞልታችሁ ቀስ እያላችሁ ሂዱ» ብለው መከሩን። እኛም አደራው ስላስጨነቀን ምክሩን ወደድነው። በዚያን ጊዜ ባለቤታችን፣ «እርስዎ የሚያፍሩት በእኅትዎ ፊት ባዶ እጅዎን እንዳይቆሙ ነው፤ እኔ የምፈራው ግን መንኰራኵሩ ወልቆ የሰው ልጅ እንዳይገድል ነው» አለችን። የምንመልሰው ቃል አጣን። ስለዚህ የሙሽራይቱን ልብስና ጥቂት ድስት በመኪናው ጭነን፣ ተሳቢውን ከነድንኳኑ በዛሪማ ትተን ሄድን። እኅታችን፣ «ወንድሜ፣ ድንኳኑስ?» ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችን፤ እኛም እውነቱን ነገርናት። ጎረቤቶቿ ሌሊቱን በሙሉ ቅጠል ቈርጠው ዳስ ጣሉ፤ ሰርጉም በዚያ ዳስ ተፈጸመ።

አዲሱ ኩሽኔታ ከጎንደር በአውቶቡስ ተልኮ በመጣ ጊዜ፣ እኛም ወደ ዛሪማ ተመልሰን ከሾፌሩ አጠገብ ቁመን ሥራውን ሁሉ ተመለከትን። ኩሽኔታ ማለት በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተደረደሩ ተንከባላይ ብረቶች ማለት ነው፤ ብረት በብረት ላይ እየተፋተገ እንዳይቃጠል፣ እየተንከባለለ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ዘዴው ጥንታዊ ነው። በኢጣሊያ አገር የኔሚ ሐይቅ ውሃ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1928 ጀምሮ በተቀነሰ ጊዜ ከተገኙት የሮማ ነገሥታት መርከቦች ውስጥ፣ በነሐስ ድቡልቡሎች ላይ የሚዞር የእንጨት መድረክ ወጥቷል። ለሠረገላ ዘንግ የሚሆነውን በ1794 የዌልስ ሰው ፊሊፕ ቮን በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በብዙ ተሳቢዎች የሚገኘውን፣ ወደ አንድ ወገን ቀጠን ባሉ ተንከባላዮች የሚሠራውን ደግሞ አሜሪካዊው ሠረገላ ሠሪ ሄንሪ ቲምከን በ1898 አስመዘገበ።

የሥራው አካሄድ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ተሳቢውን በደልዳላ መሬት አቁሞ፣ በቀሩት መንኰራኵሮች ፊትና ኋላ ድንጋይ ማድረግ፤ የጐማውን ብሎኖች ከመሬት ሳይነሣ ማላላት፤ ከዚያም በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ ጽኑ ድጋፍ ማቆም ነው። ክሪክን ብቻ አምኖ መሥራት ሞትን መጥራት ነው።

ሁለተኛ፤ ክዳኑን፣ ኮፒሊያውን፣ ዳዶውንና ሮንዴላውን በተራ አውጥቶ ሞዞውን መሳብ ነው። በውስጡ ሁለት ኩሽኔታዎች፣ በስተኋላም ግራሶውን የሚከለክል የጎማ ቀለበት ይገኛሉ። አዲሱን ለመግዛት በአሮጌው ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ማንበብ ይገባል፤ በዓይን ግምት የተገዛ አይገጥምም።

ሦስተኛ፤ በሞዞው ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረውን የውጭ ቀለበት ከኩሽኔታው ጋር አብሮ መለወጥ ነው። አሮጌ ቀለበት አዲሱን ኩሽኔታ ቶሎ ያበላሸዋል። ሞዞውን በላምባ አጥቦ ካደረቁ በኋላ፣ አዲሱን ቀለበት ሳይጋደል ዙሪያውን እየመቱ ማስገባት ነው፤ ከመቀመጫው ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል።

አራተኛ፤ ግራሶውን በመዳፍ ይዞ፣ በተንከባላዮቹ መካከል ገብቶ በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ መጠቅጠቅ ነው። ከላይ የተቀባ ግራሶ ለዓይን ብቻ ነው። የጎማው ቀለበትም በአዲስ ይተካል።

አምስተኛ፤ መንኰራኵሩን እያዞሩ ዳዶውን ማጥበቅ፣ መልሶ ማላላት፣ ከዚያም በጣት ኀይል ብቻ ማጥበቅና አዲስ ኮፒሊያ ማስገባት ነው። አብዝቶ የጠበቀ ይቃጠላል፤ አብዝቶ የላላም ይወላለቃል። ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ቆሞ የእጅን ጀርባ ወደ ሞዞው ማስጠጋት ይገባል፤ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ እንደ ሆነ እንደ ገና ይታይ።

የጀልባ ተሳቢ ላላቸው ደግሞ የተለየ ምክር አለን። ከረጅም ጕዞ በኋላ ሞዞው እንደ ጋለ ወደ ሐይቅ ቢገባ፣ በውስጡ ያለው ሙቅ አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተራልና፣ ባረጀው የጎማ ቀለበት በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ መንኰራኵሩ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ፣ ከውሃ የገባውንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ፈትቶ ማየትና ግራሶውን መለወጥ ያስፈልጋል። የዘመዳችንን ተሳቢ ያጠፋው ይህ ነበረ፤ ዳሩ ግን እየተነገረን ያልሰማን እኛ ነንና፣ በእርሱ ላይ አናመካኝም።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በጽሕፈት ሥራችን ላይ ስንኖር ነገርን ለሌላ ቀን መቅጠር ልማድ ሆኖብናል። ለግራሶውም ቀጠሮ ሰጠነው፤ ኩሽኔታው ግን ቀጠሮ አላከበረም። እንግዲህ ሾፌር ወይም ሠራተኛ «ይታይ» ባለን ጊዜ፣ ከእኛ በማዕርግ ያነሰ ነው ብለን ቃሉን አንናቅ። ልጃችን በዚያ ድንኳን ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልን እስከ ዛሬ እናስባለን። ከመንገዳችሁ በፊት መንኰራኵራችሁን አስፈትሹ፤ እግዚአብሔርም በሰላም ያግባችሁ።