ድሩን የፈተለችውስ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሳይሰማ ያደገ በመካከላችን የለም። ስለ ኅብረት ለመናገር ቃል ሲያጥረን ቶሎ የምንጠራው ይህን ተረት ነው። ነገር ግን ያ ድር ከወዴት መጣ፥ ማን ፈተለው፥ ስንትስ ተከፈላት ብሎ የጠየቀ ተናጋሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በዚህ ጽሑፍ ለውድ ጓደኞቼ ላቀርብ የፈለግሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ መነሻዬም ብርድ ልብስ ነው።

ብርድ ልብስ የሚለውን ቃል አይቶ የሚስቅ ይኖር ይሆናል። የተማረ ሰው ስለ በግ ፀጉር ምን አገባው የሚልም አይጠፋም። ለዚህ ወንድሜ መልሴ አጭር ነው፤ ወገናችን ሌሊቱን ምን ለብሶ እንደሚያድርና ያንን ልብስ ማን እንደሚሠራለት ካላወቅን፥ ስለ አገር ኢኮኖሚ የምናውቀው ገና ጥቂት ነው።

ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ በአምባሰል በኩል ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው የወሎን በግ ያገኛል። ይህ በግ ሰውነቱ አነስተኛ፥ ላቱ አጭር፥ ፀጉሩ ግን ለብርድ የተሠራ ነው። የደጋው ሰው ከበግ ፀጉር ባናና ዝተት እየሠራ ለብዙ ትውልድ ብርዱን ተከላክሏል። የሥራው ክፍፍልም የታወቀ ነው። ፀጉሩን አጥባና አባዝታ በእንዝርት የምትፈትለው ሴቲቱ ናት፤ በሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጦ የሚሸምነው ወንዱ ነው። ፈትሉን ለማዘጋጀት የሚፈጀው ጊዜ ለሽመናው ከሚፈጀው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ገበያ የሚወጣው ፈትሉ ሳይሆን ዝተቱ ነው፤ ገንዘቡም የሚገባው ዝተቱን ተሸክሞ ገበያ በወጣው ሰው እጅ ነው። ፈታይቱ «ባለሙያ ናት» ተብላ ትመሰገናለች። ምስጋናው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በምስጋና ጨው አይገዛም።

ይህን ስል ሸማኔውን መውቀሴ አይደለም። እርሱም የራሱ በደል አለበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው፥ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ሸማኔው ቢሰደብም ግን የሠራው ሥራ በስሙ ይጠራል። የፈታይቱ ሥራ ግን ከሸማኔው ሥራ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2016 ገደማ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ አንድ ዐይነት ብርድ ልብስ እጅግ ተወዷል። አውራ ጣት የሚያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ወፍራም የሱፍ ክር ተይዞ፥ ያለ ሸማ ዕቃ፥ ያለ መርፌም፥ በሁለት እጅ ብቻ ቀለበት ከቀለበት ውስጥ እየተሳበ እንደ ሹራብ ይሠራል። ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ 1 ሜትር ለሆነው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ክር ይበቃዋል። እጇ የለመደ ሴት በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች።

ይህ ሥራ አንድ ጉድለት አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከሜሪኖ በግ ለስላሳ ፀጉር ሲሆን፥ ፀጉሩ ሳይፈተል እንደ ባዘቶ ስለሚገባበት ቶሎ ይረግፋል። ፀጉርን ከፀጉር የሚያጣብቀው መክረሩ ነው። ስለዚህ ፈረንጆቹ የጎደላቸው ነገር በአምባሰል ደጋ ያለችው ሴት በእንዝርቷ የምታውቀው ነው። ብዙ ፈትል አንድ ላይ ገምዳ ብታወፍረውና በሞቀ ውሃ በመጠኑ አሽታ ጠጉሩ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ብታደርገው፥ የማይረግፍ ወፍራም ክር ይሆንላታል። ከዚያ በኋላ የሸማ ዕቃ አያስፈልጋትም። ፈትላ፥ ሠርታ፥ ራሷ መሸጥ ትችላለች። የነገሩ ጥቅም ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ የፈተለችው እጅ የተጠናቀቀውን ዕቃ ትይዛለች።

ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። የእኛ በግ ፀጉር ሻካራ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ለአንገት ልብስ አይመችም፤ ከአንሶላ በላይ ለሚደረብ ብርድ ልብስ ግን ሻካራነቱ አያስቀረውም። ሌሎች ደግሞ ዝተቱን ያጠፋዋል ይላሉ። አያጠፋውም፤ የእጁ ሥራ ቀለበቱ ሰፊ ስለሆነ ነፋስ ያሳልፋል፤ በደጋ ሌሊት ዝተትን የሚተካ አይደለም። ገዢው የከተማ ሰውና የእንግዳ ማረፊያ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ ውሃ ቀድታ፥ እህል ፈጭታ፥ ልጅ አዝላ ለምትውል ሴት ሌላ ሥራ መጨመር አይሆንም ወይ? ገንዘቡ በሌላ እጅ የሚገባ ከሆነ በእርግጥ ሸክም መጨመር ነው። ስለዚህ ማኅበር ቢቋቋም የሒሳቡ ደብተርና የገንዘቡ ቁልፍ በፈታዮቹ እጅ ይሁን። ይህ ካልሆነ ነገሩ ሁሉ ቢቀር ይሻላል።

እኛስ ምን እናድርግ? ሐይቅ የተማሪ አገር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተማሩ መምህር ነበሩ፤ የአብነት ተማሪም ለብዙ ዘመን ደበሎ ለብሶ፥ በበግ ቆዳ ሞቆ ተምሯል። እኛ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ለዚያ በግና ለባለቤቷ ጥቂት ውለታ ብንከፍል አይበዛብንም። የወሎ ዩኒቨርስቲ በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ያስተምራል። በዚያ የሚማሩ ጓደኞቻችን ክሩ በምን ያህል ቢከር እንደማይረግፍ፥ በስንት ሙቀት ቢታጠብ እንደማይጨማተር መርምረው ቢነግሩን፥ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የበለጠ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ሒሳብ የሚማሩት የአንዱን ብርድ ልብስ ዋጋ ከፈትሉ ሰዓት ጀምረው ያስሉ። ከሐይቅና ከአምባሰል የመጣን ደግሞ ለዕረፍት ስንሄድ እናቶቻችን ዘንድ ቁጭ ብለን እንዝርቱን እንማር። ወንዶቹም ጭምር! እንዝርት ለወንድ ነውር ነው የሚል ቢኖር፥ ሌሊት ሲበርደው የሚደርበውን ይጠይቅልኝ።

ከእንግዲህ ወዲያ በየስብሰባው «ድር ቢያብር» ስንል፥ ድሩን የፈተለችው በዚያ ቀን ስንት ብር ይዛ ወደ ቤቷ እንደ ገባች እንጠይቅ። መልሱ ባዶ ከሆነ አንበሳው ገና አልታሰረም።