አንበጣን ክንፍ ሳያወጣ

ጌም ሠሪዎች ጠላት ሲቸግራቸው ወደ ነፍሳት ይዞራሉ። ሰው ሰውን ተኩሶ ሲጥል፣ በስክሪን ላይም ቢሆን፣ ልቡን ቆርቆር የሚያደርገው ነገር አለ፤ ስድስት እግርና መንጋጋ ላለው ፍጡር ግን ማንም አይራራም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ስታርክራፍት ዘርግ የሚባል መንጋ አለው። ጃፓኖች የሠሩት ኧርዝ ዲፌንስ ፎርስ መኪና የሚያካክሉ ጉንዳኖችን ከተማ ላይ ይለቃል። የስዊድኑ አሮሄድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው ሄልዳይቨርስም እንዲሁ በነፍሳት የተሞላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ተርሚኒድ ብሎ ይጠራቸዋል።

እኔ ቆቦ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በእኛ ከተማ ጌም ቤት የሚገባ ልጅ የሚጫወተው ኳስ ነው። ተርሚኒዶቹን ያየኋቸው አዲስ አበባ፣ የእህቴ ልጅ ዘንድ ነው። ጆይስቲኩን አቀበለኝና አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ጋሻ የለበሰው ግዙፉ ላይ ጥይት ሳዘንብ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ትልቁን ይተዉት! ትንሿ ሳትጠራቸው እሷን ይምቷት!»

ልጁ ልክ ነው። ከተርሚኒዶቹ መሃል ትንንሾቹ ሰው ሲያዩ ጭስ የመሰለ ጠረን ይለቃሉ፤ ወዲያው መሬቱ ይከፈትና መዓቱ ይወጣል። የሚፈልቁባቸው ጉድጓዶችም አሏቸው። ጉድጓዱ ቦምብ ተጥሎበት ካልተደፈነ ሺሁን ብትገድል ሌላ ሺህ ይተካል። ይህን አንድ ጎረምሳ ያውቀዋል። የእኛ የአንበጣ መከላከል ግን ዛሬም የሚተኩሰው ወደ ሰማይ ነው።

ጥቅምት 2013ን ራያ ቆቦ ላይ ያሳለፈ ሰው አይረሳውም። ደገለቱና ጅጉርቱው ማሽላ ፍሬ ይዞ፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ሳለ መንጋው ወረደብን። ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ጅራፍ የሚያጮህ፣ ጭስ የሚያጨስ፣ ክላሽ የሚተኩስ፣ ነጠላዋን የምታውለበልብ፤ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቼ በኮሮና ምክንያት ገና ክፍል አልገቡም ነበርና ያገኘኋቸው ማሳ ላይ ነው። መንጋው ከአንዱ ማሳ ሲነሣ ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ጩኸት አንበጣ አይገድልም፤ የሚበላበትን ሰው ይለውጣል እንጂ። አመሻሽ ላይ በየማሳው የቀረው አገዳ ነበር፤ ቅጠሉ ተግጦ ያለቀ አገዳ። ወር ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት ተነሣና የመከላከሉ ሥራ ተስተጓጎለ።

ያ መንጋ ግን በአንድ ክረምት የተፈለፈለ አልነበረም። ግንቦት 2010 ላይ መኩኑ፣ ጥቅምት 2011 ላይ ደግሞ ሉባን የተባሉ አውሎ ነፋሶች በደቡብ አረቢያ በረሃ ዝናብ አወረዱ። ሰው በማይደርስበት አሸዋ ላይ አንበጣው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ የመን ገባ፤ የመን በጦርነት እየታመሰች ስለነበር በቅጡ የሚያስስ አልነበረም። በ2011 ሰኔ ገደማ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ቀጠና ዘለቀ። ታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በአንበጣ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ ዞረ። የጥቅምቱ ማሽላችን ሲበላ አንበጣው አገር ውስጥ ከገባ ከዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ድንገት መጣብን የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ መጠቀም አይገባንም።

አሁን የክፍል ሥራዬን ልሥራ። እንስቷ አንበጣ እርጥብ አሸዋ ትመርጥና ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ እንቁላሏን ትቀብራለች፤ የመንጋዋ እንስት በአንድ ጊዜ የምትጥለው እስከ 80 ሊደርስ ይችላል። በሞቃት ቆላ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ይፈለፈላል። የሚወጣው ኩብኩባ ክንፍ የለውም፤ አንድ ወር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ በእግሩ ይዘላል። ክንፍ ሲያበቅል ግን በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል፤ በቀን የሚበላው ደግሞ የ35,000 ሰው ምግብ ያህላል። እንግዲህ ጠላታችን ስድስት ሳምንት ገደማ መሬት ላይ ነው፤ በቦታው ከተደረሰበት በጀርባ የሚታዘል መርጫ ብዙ ይሠራል። ስድስቱ ሳምንት ካለፈ አውሮፕላን ፍለጋ ነው።

ጌሙ የሚሳሳትበትም አለ። ተርሚኒድ ጠላት ሆኖ ይፈለፈላል። የበረሃ አንበጣ እንዲህ አይደለም። ብቻውን ሲኖር ሰው የማይጎዳ፣ ከቢጤዎቹ የሚሸሽ ፌንጣ ነው። ዝናብ ጥሎ ቁጥሩ ሲበዛ፣ ቆይቶም ሣሩ ሲያንስና ሲጨናነቅ የኋላ እግሮቹ ይነካካሉ፤ በነርቩ ውስጥ ሴሮቶኒን ይጨምራል፤ በሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ተለውጦ መንጋ ፈላጊ ይሆናል። ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው ሳይንቲስት ብቸኛውና መንገኛው አንበጣ አንድ ፍጡር መሆኑን ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ስለዚህ አንበጣ ጠላት ከመሆኑ በፊት ጊዜ ይሰጣል። ጊዜውን የምናባክነው እኛ ነን።

ሌላው ጉድለት ጌሙ ውስጥ ማሽላ አለመኖሩ ነው። ተዋጊው ከሰማይ ይወርዳል፣ ይተኩሳል፣ ተሳፍሮ ይሄዳል። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ የተረጨው መድኃኒት የማንን ንብ እንደፈጀ የሚጠይቅ የለም። ደራሲዎቹ ግን አንድ ብልህ ነገር አስገብተዋል። በታሪኩ ውስጥ ተርሚኒዶቹን የሚያረባቸው ራሱ መንግሥት ነው፤ ከእነሱ ነዳጅ ይወጣልና። ከእጁ ሲያመልጡ ወጣቱን ይጠራና «ግደሉ» ይላል። እኛ አንበጣ አናረባም፤ ነገር ግን አሰሳ የሌለበት ዓመት ሁሉ እርባታ ነው።

«አንበጣው የሚፈለፈለው የመን፤ ቆቦ ምን ታድርግ?» የሚሉኝ አሉ። በዚያ ወረራ ጊዜ እንቁላል የተጣለው በእኛው አፋርና ሶማሌ ክልል ጭምር ነው። የዞብልን ተራራ ተሻግሮ ያለው የአፋር ቆላ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም። «ድርጅት የለንም» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 አንበጣ ከኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል በላ፤ ይህ ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ፈርመው የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ አለ። የጠፋው ሰማዩ ጥርት ባለበት ዓመት ለአንበጣ ገንዘብ የሚመድብ ሰው ነው። መንጋ ሲመጣ ገንዘብ ይመጣል፤ መንጋው ሲሄድ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ከዞብል ግርጌ እስከ ጎሊና ወንዝ አሸዋ ድረስ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት አሳሽ ይመደብ፤ አበሉም በጊዜው ይከፈለው። ከአፋር ወገን ካሉት ወጣቶች ጋር ስልክ ይለዋወጥ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለዚሁ ሥራ የሚሆን የስልክ መተግበሪያ ካወጣ ቆይቷል፤ ኩብኩባ የታየበት ቦታ በስልክ ተመዝግቦ ይላካል። ጌም ቤት ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅ ጎረምሳ ይህን ለመልመድ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። በእርግጥ ሰላም ከሌለ አሳሽ አይወጣም፤ የየመን ትምህርት ይኸው ነው፤ የራያም ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ለአገራችን ጌም ሠሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ይዞ ኩኩሉን ሠርቶልናል፤ ልጆች ወደውታል። አንበጣንም ሥሩልን። ተጫዋቹ የሚያሸንፈው ብዙ በመግደል ሳይሆን እርጥቡን አሸዋ ቀድሞ በማግኘት ይሁን፤ ነጥቡም በተረፈው ማሽላ ይቆጠር። እኔ ለክፍሌ የማስተምርበት ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አላገኝም።

ወረዳው፣ ክልሉና ግብርና ሚኒስቴር የዓመቱን በጀት ሲጽፉ የአሰሳውን መስመር ከርጭቱ መስመር በላይ ያስቀምጡት። ክንፍ ያወጣ አንበጣ ላይ የሚፈስ ብር የዘገየ ብር ነው፤ የዘገየበትን ዕዳ ደግሞ የሚከፍለው ባለማሽላው ነው።