የነፋስ ኀይል ለእርሻ ስለሚሰጠው ጥቅም

ነፋስ ገበሬን ማገልገሉ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጤፍ በአውድማ ተበራይቶ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ፍሬውን ከገለባው የሚለየው ነፋስ ነው፤ ነፋስ በቀረበት ዕለትም ገበሬው ምርቱን ከምሮ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ብልሃት የለውም። ስለዚህ ነፋስ መብራት ያበራል፣ ውሃም ይስባል ቢባል እንደ ተረት ሊቈጠር አይገባም።

ደግሞም በዐይን የታየ ነገር ነው። ከመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ 84 መዘውሮች ተተክለው 120 ሜጋዋት እንዲሰጡ ሆኖ ሥራው በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመርቋል። በአዳማም አስቀድሞ 51 ሜጋዋት የሚሰጡ 34፣ በኋላም በ2007 ዓ.ም. 153 ሜጋዋት የሚሰጡ 102 መዘውሮች ቆመዋል።

የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከወንዝ የሚገኝ ነው፤ እዚህ በልደታ ሰፈር ማታ የምናበራው እንኳ ከዚያው የመጣ ነው። ዝናብ ሲያንስ ግድቡ ይጐድላል፤ በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ እንደ ነበረ የማያስታውስ የለም። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ነፋሱ የሚበረታው ወንዙ በሚሳሳበት በበጋ ወራት ስለ ሆነ፣ አንዱ የጐደለውን ሌላው ይሞላለታል።

ዳሩ ግን ለወረዳ ሹም ከትልቁ መዘውር ይልቅ ትንሹ ይበልጥ ሊያሳስበው ይገባል እላለሁ። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በኦሞ ወንዝ ዳር፣ በዳሰነች አገር፣ አንድ የአሜሪካ ሚሲዮን ክንፋቸው ከሸራ የተሠራ የነፋስ መዘውሮችን አቁሞ የወንዙን ውሃ ወደ እርሻ አውጥቶበታል። ሸራ ቢቀደድ የሚሰፋው በአገሩ አይጠፋም፤ ሞተር ግን ናፍጣው ካለቀ ወይም አንድ ዕቃው ከተሰበረ ከከተማ እስኪመጣለት ቆሞ ይቀራል፣ ጐመኑም ይደርቃል።

ነፋስ ሁልጊዜ አይነፍስምና ውሃው የሚጠራቀምበት ገንዳ ያስፈልጋል። ጕድጓዱም እጅግ ጥልቅ የሆነ እንደሆነ ትንሽ መዘውር አይችለውም። ስፍራውን መምረጥ ደግሞ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናልና፣ ለጽሕፈት ቤቱ ቅርብ ነው ተብሎ በሸለቆ የተተከለ መዘውር በኰረብታ ላይ ከተተከለው ጋር ፈጽሞ አይተካከልም። ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ዓመት ሙሉ ነፋሱ ይለካ። ባሕር ዛፍም ከአጠገቡ አይተከል፤ ይህ ዛፍ በየደጃፉ መብዛቱን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያስተውላል።

ትልልቆቹ መዘውሮች በሚተከሉበት አገር ሹም ሊጠነቀቅለት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ግንዱ የሚቆምበት መሬት ጥቂት ነው፣ በመካከሉም ማረስና ከብት ማሰማራት ይቻላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ ጥቂት የመሰለው መሬት ለአንዱ ድኻ ያለው ሁሉ ሊሆን ይችላል። መንገድ ሲጠረግም የሌላው ማሳ ለሁለት ይከፈላል። እንግዲህ ቍፋሮ ሳይጀመር መሬቱ በሽማግሌዎች ፊት ይለካ፣ ካሣውም በባለ መሬቱ እጅ ይግባ፤ መብራቱም በራሱ ላይ አልፎ ወደ ከተማ ብቻ እንዳይሄድ ሹሙ ከአሁኑ ይጠይቅለት።